ልቤ እየሮጠ ቁጭ ያልኩበት ሁዳዴ

ጸሎት ጀምረሽ ሳትጨርሺ የምትነሺ፣ በቅዳሴ መሐል ደረትሽን ይዘሽ የምትወጪ፣ «እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ» ብለሽ ለማንም ሳትነግሪ የምትብሰለሰዪ እህቴ፣ ይህን የጻፍኩት ላንቺ ነው። ወንድምም ብትሆን አንብበው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሰባኪም አይደለሁም። ቆቦ ከተማ፣ ገበያው ጀርባ፣ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። የደረሰብኝን ግን ከእኔ የተሻለ የሚናገረው ስለሌለ እኔው ልናገር።

ነገሩ የጀመረው በላብ ነው። ቆቦ ላይ ተቀምጦ «አላበኝ» የሚል ሰው ሰሚ የለውም፤ ማን የማያልበው አለ? ኅዳር ገብቶ ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ሲደርቡ ግን እኔ የሱቄን በር በርግጄ፣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ እቀመጥ ነበር። እንደ ጎረምሳ እበላለሁ፤ ሰውነቴ ግን በየሳምንቱ ይቀንሳል። የቀሚሴ ወገብ እየሰፋ፣ አንገቱ እየጠበበኝ ሄደ። ልብስ ሰፊ ነኝና ይህ ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጨርቁን ሰደብኩ። «ይሄ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይገባል» ብዬ አንገቱን ተርትሬ አሰፋሁት፤ ወገቡን አጠበብኩት፤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከቤት ስወጣም ነጠላዬን እስከ አገጬ ስለምጠመጥም አንገቴን ያየ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ። ከሱቄ ቀጥላ ቅመም የምትሸጥ ዘሀራ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ እየሳቀች ታስገባልኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሳትወልጂ አረጀሽብኝ እኮ» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያለ ምክንያት ልጮህባት ይቃጣኛል። ደንበኞቼ ላይማ ጮኼአለሁ። የሙሽራ ልብስ ልትለካ የመጣች ልጅ እናቷን ይዛ ወጥታ በዚያው ቀረች።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መመለስ ከልጅነቴ የያዝኩት ልማድ ነው። ትልቅ ጸሎተኛ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ብቻ እዚያ ስቆም ውስጤ ጸጥ ይልልኝ ነበር። ያ ጸጥታ ጠፋ። ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይታገላል። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀምሬ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። አንዳች ነገር ከኋላዬ የሚያባርረኝ ይመስለኛል። ማታ ጋደም ስል ደግሞ ትራሱ ውስጥ የሚመታውን የራሴን ልብ እየሰማሁ «ይህን ያህል የተቆጣብኝ ምን አድርጌው ነው?» እላለሁ። እግዚአብሔር ከሰው ሲለይ ሰላም አብሮት ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰላሜ ሄዷል። ስለዚህ እሱም ሄዷል አልኩ። ከሞት ይልቅ ይህ ያስፈራኝ ነበር።

ባለቤቴ ሲሳይ ሮቢት አጠገብ ሽንኩርት ያለማል። ሥራውን እየጣለ በየክሊኒኩ አዞረኝ። የመጀመሪያው «ወባ ነው» አለ፤ ቆላ አይደለን? የወባውን ጨረስኩ። ሁለተኛው «ታይፎይድ» አለ፤ የሱንም ጨረስኩ። ሌላው ደግሞ ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። የየክሊኒኩን አግዳሚ ወንበር ከቤቴ ወንበር ይልቅ አውቀው ጀመር። ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ከዋጃ ከጎብዬ ሌሊት ተነስተው የመጡ ገበሬዎች፤ ስም በተጠራ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል፤ የኔ ልብ ደግሞ ስሜ ባይጠራም ይዘላል። መጨረሻ ላይ ያየኝ ወጣት ባለሙያ ጥሩ ልጅ ነበር። «በጦርነቱ ጊዜ የት ነበርሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ጭንቀት ነው» ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጠኝ። አልፈርድበትም። በዚህ ከተማ ያን ጊዜ አይቶ ያልተጨነቀ ማን አለ? ነጠላዬን እንድፈታ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልፈታሁትም።

ዓይኔ ወደ ውጭ መውጣት ሲጀምር አማቴ እማማ ዘውዲቱ ቆርጠው ተነሱ። እማማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲሳይን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው የያዙኝ ናቸው። አንድ ቀን ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝና ወደ ሲሳይ ዞሩ።

«ይሄ ዓይን የሷ አይደለም» አሉ።

«የማን ይሁን ታዲያ እናቴ?»

«እሱን ጸበሉ ይጠይቀው።»

ጸበሉ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ዛሬም እጠጣዋለሁ፤ አምንበታለሁ፤ ማንም አቃለለችው እንዳይለኝ። የሄድኩት ግን በራሴ ላይ ጾምና ስግደት ጭኜ ነው። የሸሸኝን አምላክ ሮጬ ልደርስበት ፈልጌ ነበር። እህል ሳልቀምስ፣ እየሰገድኩ፣ በዚያ ላይ ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድብኝ ሰውነቴ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጥፍሬ ተንቀጠቀጠ። ሰዎች ከበቡኝ። ውሃ የሚያፈሰው፣ ካህን ያልሆነ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ «ማነህ? ተናገር» አለኝ።

ምን እንደሚጠብቁ ገብቶኛል። እንደኔ የሚንቀጠቀጡ ሴቶች ሲለፈልፉ አይቼ አውቃለሁ። የከፋው ነገር እኔም ራሴን መጠራጠሬ ነው። በውስጤ የሚሮጠው፣ ልቤን የሚደበድበው፣ ጸሎት የሚያስጠላኝ ሌላ ቢሆንስ?

«ማነህ?»

«ወለተ ሐና ነኝ» አልኩ። የክርስትና ስሜ ነው፤ ስቆርብ ካህኑ የሚጠራኝ በሱ ነው። ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ እሱን ያዝኩ።

«ዋሽቶ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ውሃው እንደገና ወረደ። «ማነህ?»

«ወለተ ሐና።»

ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደጋግሜ ያንኑ መለስኩ፤ ከዚያ በኋላ መውደቄን እንጂ ሌላ አላስታውስም። ሲሳይ ተሸክሞ ቤት አስገባኝ።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሚካኤል ሊጠይቁኝ መጡ። ነጠላዬ ወርዶ ተጋድሜ ነበር። ሊባርኩኝ የእጅ መስቀላቸውን አንገቴ ሥር አሳረፉትና ሳያነሱት ቆዩ። መስቀሉ ከልቤ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እሳቸውም አዩት፤ እማማም አዩት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ አባ።»

«ተኝተሽም?»

«ተኝቼም።»

«ዘውዲቱ፣ ጸበሉን ማንም አይከለክላትም» አሉ ወደ አማቴ ዞረው። «ይህን ግን ሐኪም ይየው።»

«ስንት ሐኪም አየው እኮ አባ።»

«እንግዲያው ሌላ ይየው።»

ሲሳይ የመስኖ ውሃ ተራው ደርሶ ነበር፤ ያ ተራ ካለፈ ሽንኩርቱ ይደርቃል። ዘሀራ ቅመሟን ለእህቷ ትታ ደሴ ይዛኝ ሄደች። ደሴ ብርድ ነው፤ የሆስፒታሉ ተራ ጠባቂ ሁሉ ተጀቡኖ ሲቀመጥ እኔ በነጠላዬ ጫፍ አናፍስ ነበር። ዘሀራ ሙሰብሃዋን እየቆጠረች፣ በየመሐሉ ጉልበቴን ትጨብጣለች። «አላህ ያሽርሽ፤ ዛሬስ ያገኙታል፤ ኢንሻአላህ» ትለኛለች። ውስጤ ግን ሌላ ፍርሃት ነበር። ምንም ባያገኙስ? ምንም ካልተገኘ በውስጤ ያለው የተባለው ነው ማለት ነው።

ያየችኝ ሴት ሐኪም ናት። ገና ከመቀመጤ «ነጠላሽን አውልቂው» አለች። ብርጭቆ ውሃ ሰጥታ እንድውጥ አዘዘችኝና አንገቴን ተመለከተች። ከዚያም ደም አስመረመረችኝ፤ የልቤንም ምት በመሣሪያ አየች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደኔ ሳብ አደረገች።

«አንገታችን ላይ፣ ጉሮሮ ፊት ለፊት፣ አንድ እጢ አለ» አለችኝ። «እንቅርት የምንለው እሱ ሲያብጥ ነው። ያንቺ አብጧል፤ በዚያ ላይ ያለ ልክ ይሠራል። ስለዚህ ተኝተሽም ልብሽ የሚሮጥ ሰው ልብ ነው።»

«ዶክተር፣ ይሄ በሽታ ሰላም ይነሳል?»

«እንዴት አድርጎ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ሁሉንም ያመጣል።»

አለቀስኩ። ዘሀራ ክፉ ነገር የተነገረኝ መስሏት አብራኝ አለቀሰች። ሐኪሟ ግን ገና አልጨረሰችም። ልቤ መድከሙን፣ ምቱም መዛባት መጀመሩን ነገረችኝ። መድኃኒቱ ጠዋት፣ ቀንና ማታ የሚወሰድ ነው፤ ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ካቆራረጥኩት ወይም ትኩሳት ቢይዘኝ ልቤ ላይችለው ይችላል። «ይህ ቀልድ አይደለም» አለችኝ። ስለ ጾም አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ቆቦ ስንመለስ ሁዳዴ ገባ። እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምጾመው፤ ኪኒን መዋጥ ደግሞ ጾም መግደፍ ነው ብዬ አስብ ነበር። ስለዚህ የጠዋቱንና የቀኑን ኪኒን አስቀምጬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከማታው ጋር ሦስቱንም ባንዴ እውጥ ነበር። በኔ ስሌት ምንም አልጎደለም፤ መድኃኒቱም ተወሰደ፤ ጾሙም ተጾመ። እንዲህ የማደርግ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅኩት በኋላ ነው። በሰፈሬ የስኳሩም፣ የግፊቱም በሽተኛ ሲያደርገው ኖሯል።

አልተሻለኝም፤ ባሰብኝ። አንድ ከሰዓት አባ ዘንድ ሄድኩ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«ቀኖና ይስጡኝ፤ ከበድ ያለ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«አላውቀውም። እግዚአብሔር ግን ርቆኛል። በሽታ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ይዣለሁ፤ አሁንም ጸሎት አይሆንልኝም። ስግደትም ቢሆን፣ ዳዊትም ቢሆን ይጨምሩብኝና ልድረስበት።»

«መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስጂው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አባ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ጾም ነው ብዬ አባ።»

«ጾሙን የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ለበሽተኛ የፈታችውም እሷው ናት። አንቺ ከሷ ትበልጫለሽ?»

«አልበልጥም አባ።»

«ቀኖና ፈልገሽ የለ፤ ይኸውልሽ። ጠዋት ትበያለሽ፤ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ። ቀን ላይ መጥተሽ ግቢው ውስጥ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ትቀመጫለሽ፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ። አትሰግጂም፤ አታነቢም።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም አባ?»

«እናቷ ጀርባ ላይ ያለች ልጅ ምን ትላለች?» አሉኝ። «ያዘለቻትን እናቷን ሮጣ ልትደርስባት ነው?»

ከሕመሙ ሁሉ ይህ ከበደኝ። በሁዳዴ ጠዋት ቁርስ ስቀርብ እማማ ዘውዲቱ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ይወጣሉ። ሲሳይ በእናቱና በእኔ መሐል ተጨነቀ፤ ቤታችን ውስጥ ሰው ከሰው መነጋገር ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ደግሞ ጦማቸውን የዋሉ አሮጊቶች ከመሬት ወድቀው ሲነሱ፣ እኔ ጠግቤ ዛፍ ሥር እንደ እመቤት እቀመጣለሁ። የሚያውቁኝ ገልመጥ አድርገውኝ ያልፋሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መቀመጥ አልቻልኩም። ልቤ ይነዳኛል፤ እነሳለሁ፤ አባ ያዩኝ እንደሆነ ብዬ እመለሳለሁ። ተቀምጬም የምለው እየፈለግኩ እታገላለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሆነ። ከውስጥ እግዚኦታ ይሰማል፤ ሕዝቡ አብሮ ይወድቃል፤ አብሮ ይነሳል። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ልቤ እንደወትሮው ይጋልባል፤ እጄ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል። ታግዬ ታግዬ ደክሞኝ ተውኩት። «እንግዲህ ይኸው ነኝ፤ ሌላ የለኝም» አልኩ በሆዴ። ራእይ አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ብቻ እዚያ ብቻዬን እንዳልተቀመጥኩ አወቅኩ። ሳሳድደው የኖርኩት እኔ ስታመም፣ ስጮህ፣ ውሃ ሲፈስብኝ ሁሉ አብሮኝ እንደነበረ ጥርጥር በሌለው እርጋታ ገባኝ። ልቤ ግን አልቆመም፤ እየሮጠ ነበር። መድኃኒቱም ገና ሥራውን አልጀመረም። ልቤ ይሮጣል፤ እኔ ቁጭ ብያለሁ። ደስ አለኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቅዳሴው ሲያልቅ ዘሀራ ስትፈልገኝ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ «ምነው ፊትሽ በራ?» አለችኝ።

ፈተናው ግን አላለቀም። ትንሣኤ ሳይደርስ ጉንፋን ያዘኝ፤ ትኩሳት መጣ፤ አንድ ቀን ጠዋት መተንፈስ አቃተኝ። ሲሳይ የመጣውን ሚኒባስ አስቁሞ ወደ ወልድያ ይዞኝ ወጣ። ጎብዬን አልፈን ጥቂት እንደሄድን መኪናው ቆመ። ከፊት የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ተገልብጦ ተሽከርካሪው ሁሉ ተደርድሯል። መስኮቱ ቢከፈትም ነፋስ የለም። ልቤ አንዴ ይቸኩላል፤ አንዴ የሚቆም ይመስላል፤ እንደገና ይዘላል። ከንፈሬ ደነዘዘ።

ሲሳይ ሹፌሩ ላይ ጮኸ። «ሰው እየሞተብኝ ነው፤ አንተ በቁምህ ታያለህ?»

«ወንድሜ፣ በላዩ ልብረር?» አለ ሹፌሩ፤ እሱም ላቡ ይንጠፈጠፋል።

ሲሳይ ወርዶ ወደ ፊት ሮጠ፤ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ሊሮጥ ሲል ልብሱን ያዝኩት። «ሲሳይ፣ ቁጭ በል» አልኩት። «የሺ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ» አለኝ። «አልጨፍንም፤ አንተ ብቻ ቁጭ በል።» ተቀመጠ። እጄን ያዘው። ከኋላ ያለች የማላውቃት ሴት ውሃ በሻሿ አርሳ ግንባሬ ላይ አደረገችልኝ። አንድ ሽማግሌ ወርደው በማሳዎቹ መሐል የሚያልፍ የጋሪ መንገድ ለሹፌሩ አሳዩት፤ ተሳፋሪው ወርዶ መኪናው ቀለለለትና እኔንና ሲሳይን ብቻ ይዞ በዚያ አለፈ። የወረዱት ሰዎች በፀሐይ ቆመው ቀሩ። አንዳቸውም አላጉረመረሙም።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉልኝ፤ መርፌም ወጉኝ። ሐኪሙ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ልቤ ይቆም እንደነበር ለሲሳይ በግልጽ ነገረው። ብዙ ቀን ተኛሁ።

ዛሬ ደህና ነኝ። መድኃኒቱን በሰዓቱ እወስዳለሁ፤ ክር አስገባለሁ፤ ደንበኞቼም ተመልሰዋል። እብጠቱ አልጠፋም፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገኝ ይችላል ተብያለሁ፤ ቀጠሮ አለኝ። እማማ ዘውዲቱ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በላሽ ወይ?» ብለው ነው። አንዳንድ ሰው ሰላምሽ የኪኒኑ ነው ይለኛል። ኪኒኑ ልቤን አረጋግቶልኛል፤ የሰጠኝንም አመሰግናለሁ። ያኛው ሰላም ግን ከኪኒኑ ቀድሞ መጥቷል፤ ቦታውንም ሰዓቱንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ልብሽ ካስቸገረሽ ነጠላሽን ፍቺና አንገትሽን ለሐኪም አሳዪ። የታዘዘልሽን በታዘዘልሽ ሰዓት ውሰጂ፤ ጾም ሲመጣ ከንስሐ አባትሽ ሳትመክሪ በራስሽ አትወስኚ። ሰላም ሲርቅሽም እግዚአብሔር ሄደ ብለሽ አትፍረጂበት። እኔ ፈርጄበት ነበር፤ ታምሜ ነው እንጂ አልሄደም።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ፣ ትኩሳቱ የበረደልኝ ቀን፣ ሲሳይ ካመጣው ሾርባ እያጠጣኝ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሲሳይ ስለ እግዚአብሔር የሚያወራ ሰው አይደለም።

«መኪናው ውስጥ አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ እንጂ። የምሞት መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ያ ሰላም አገኘሁ ያልሽው የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ፍርሃቱም ነበር ሲሳይ፤ እሱም ነበር።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ጫማውን አውልቆ አልጋዬ ጫፍ ላይ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ነርሷ መጥታ ሰዓት አልቋል እስክትለው ድረስ ሁለታችንም ምንም አላልንም።